የአሰለፈች ወተት ቤት ብራንድ የሆነ ሰሞን

በዚህ ዘመን ሥራ የሚሠራው ሌላ ነገር መሥራት ያቃተው ሰው ብቻ ነው! አትቆጡ... እስቲ ዙሪያችሁን እዩ። ጎበዝ የሚባለው ሰው ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲያስተዋውቅ ይውላል፤ በተረፈው ሰዓት ደግሞ ራስን ስለማስተዋወቅ ሥልጠና ይሰጣል። ሥራውንማ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ፣ ነገሩ ያልገባው ምስኪን ይሠራዋል።

ቡራዩ ውስጥ ለዓመታት ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ሰው አለ። ቤቱ ፀጉር ቤት ነበር። ባለፈው ስሄድ «ሜንስ ግሩሚንግ ስቱዲዮ» ሆኖ ጠበቀኝ። ወንበሩ ያው አንድ ወንበር ነው። ማሽኑም ያው ከመቁረጥ ይልቅ መንጨት የሚቀናው ማሽን ነው። የተጨመረ ነገር ቢኖር የፕላስቲክ ሣርና የሰውዬው ግድግዳ የሚያክል ፎቶ ነው። እጁን አጣምሮ፣ መቀሱን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ምን እንደበደልኩት እንጃ... ትክ ብሎ ያየኛል። ሰበታ ደግሞ አንድ ካፌ ገብቼ ሜኑ ብጠይቅ «ስካን ያድርጉ» ተባልኩ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። «በአፍሽ ብትነግሪኝስ?» አልኳት አስተናጋጇን። «እኔም ስካን አድርጌ ነው የማውቀው» አለችኝ፣ ኮራ ብላ። ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ።

የኛን ሱሉልታማ ተዉት። እውነተኞቹ ሯጮች ገና ብርዱ ሳይለቅ ይወጣሉ፤ ላባቸውን አንጠፍጥፈው፣ ለማንም ሳያወሩ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ሌሎቹ ከአዲስ አበባ በመኪና ከተፍ ይላሉ። ከጫማ እስከ ኮፍያ አንድ ቀለም ለብሰው ሃምሳ ሜትር ይሮጣሉ። ፊታቸው ላይ ከጠርሙስ ውሃ ረጭተው ላብ አስመስለው ይቀረፃሉ። «ሕይወት ማራቶን ናት» ብለው ይለጥፉና ክትፎ ሊበሉ ይሄዳሉ።

ይህን ሁሉ ስሳደብ እኔ ንፁህ የሆንኩ እንዳይመስላችሁ! በዚሁ በሽታ ተይዤ ነበር። ተይዤ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ሚስቴን ልቀብራት ነበር።

ባለቤቴ አሰለፈች እዚሁ ሱሉልታ፣ ዋናው መንገድ ዳር ወተት ቤት አላት። መኖሪያችን ከጀርባው ነው። ጠዋት ጠዋት ገበሬዎቹ ወተታቸውን በጀሪካን እያመጡ ይሰለፋሉ፤ እሷ በመለኪያዋ እየመዘነች ትቀበላለች። መለኪያውን ወተቱ ውስጥ ስትከት ፊቷን ብታዩት የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጥ ይመስላችኋል። ውሃ ነካ ያደረገውን ሰው በስሙ ጠርታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ላምህ ዋና ትዋኛለች እንዴ?» ትለዋለች። ከበሩ በላይ ሠፈራችን ያፈራው ሠዓሊ የሳላት ላም አለች... ነበረች። አምስት ጡት ያላት፣ ፈገግ ያለች ላም። ታክሲ ላይ ሁሉም «ላሟ ጋ ወራጅ!» ነው የሚለው።

ከሁለት ወር በፊት ታዲያ ልክ ከፊት ለፊታችን፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሌላ ወተት ቤት ተከፈተ። ዙሪያው መስታወት ነው። ሻጮቹ ጓንት ያደርጋሉ። ወጣቱ ደንበኛ ቀስ በቀስ ወደዚያ ፈለሰ። እኛን ደግፈው ያቆሙን ኦቦ ዲሪባ ናቸው። ኦቦ ዲሪባ የአካባቢው ገበሬዎች ሁሉ የሚሰሟቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ወተታቸውን የትም ቢያመጡ ሌላው ተከትሏቸው ያመጣል። መስታወታሞቹ ብዙ ጊዜ ለምነዋቸው እምቢ ብለዋል። አሰለፈች ማታ ማታ «ኦቦ ዲሪባ መንገዱን የተሻገሩ ቀን እኔ ሱቄን ዘጋሁ» ትለኛለች። ስትለኝ አትቀልድም ነበር።

በዚህ ጭንቀት ላይ ናቲ መጣ። ናቲ የአሰለፈች እህት ልጅ ነው። ቡራዩ ይኖራል። ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ እስካሁን ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ቤተሰቡ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ይል ነበር። አሁን «ብራንድ ስትራቴጂስት» ሆኗል። ሱቃችን በር ላይ ቆሞ፣ ላሟን ከታች ወደ ላይ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይቺ ላም ስቶሪ የላትም።»

«ላም ናት እኮ ናቲ። ምን ስቶሪ ይኑራት?»

«እሱ ነው ችግሩ! ሰው ወተት አይገዛም፤ ስቶሪ ነው የሚገዛው።»

አሰለፈች ከውስጥ «ሰውማ ወተት ነው የሚገዛው፣ እኔ ነኝ የምሸጠው!» ብላ ጮኸች። ናቲ ፈገግ አለላት፤ ላልገባው ሰው የሚሰጥ ዓይነት ፈገግታ። ሦስት ነገር አስቧል። ቀለሙ ግራጫ ይሆናል፣ ምክንያቱም ክብር ያለው ነገር አይጮህም። ስሙ «ሚልክ ባይ አሴ» ይባላል፤ እሱም በፈረንጅ ፊደል፣ ደረጃው ላይ ወጥተው ካልተጠጉ በማይነበብ መጠን ይጻፋል። አሰለፈች ደግሞ ከእንግዲህ ባንኮኒ ላይ አትቆምም። «ፋውንደር አይታይም። ሰው ሲያጣት ነው የሚወዳት» አለ።

ሚስቴ በቀጥታ እምቢ አለች። እኔ ነኝ ያሳመንኳት። ለምን? እውነቱን ልንገራችሁ... ናቲ እኔንም ብራንድ ሊያደርገኝ ቃል ስለገባልኝ ነው! «ጋሼ ይህን ያህል ዓመት ጽፈህ ፊትህን የሚያውቅ የለም» አለኝ። ጥቁር ሹራብ አልብሶ፣ አገጬን በእጄ አስይዞ፣ የሌለ ነገር አሻግሬ እያየሁ ፎቶ አነሳኝ። ፎቶዬን ሳየው ደነገጥኩ። የሚያስብ ሰው መሰልኩ! ከዚያ ወዲያ ናቲ ቤቱን አፍርሰን ጨረቃ ላይ እንሥራ ቢለኝም እሺ እለው ነበር።

ዓርብ ዕለት የአሰለፈች ተራ ሆነ። ነጠላዋን አከናነባትና «አክስቴ፣ እንዳትስቂ። የሚያሳዝን ነገር አስቢ» አላት።

«የትኛውን?»

«የፈለግሽውን።»

ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ፎቶው በጣም አምሮ ወጣ።

ቅዳሜ ሱቁ ተዘጋ፤ ቀለሙ ተጀመረ። የቀለም ሽታ ደረቷን ስለሚያፍናት አሰለፈች እህቷ ጋ ሰበታ ሄደች። ስልኳን ናቲ ወሰደው፤ ገፁን እሱ ያስተዳድራል። እሑድ ላሟ በግራጫ ተደፈነች። ወደ ማታ የአሰለፈች ፎቶ ከበሩ ጎን፣ በውጭ በኩል ተሰቀለ። ቁመቱ እኔን ያክላል፣ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ፍሬሙም ጥቁር ነው። ነጠላ የተከናነበች፣ አንገቷን ሰበር ያደረገች ሴት። ከሥሯ ስሟ፤ ከስሟ ሥር ሱቁ የተከፈተበት ዓመት፤ ከዓመቱ ቀጥሎ ሰረዝ፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ባዶ ቦታ።

«ባዶው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጉዞው ገና ይቀጥላል ማለት ነው» አለኝ። ከዚያም ከፎቶው ግርጌ ነጭ አበባና ሁለት ትልልቅ ሻማ አስቀመጠ። ለድባብ ነው። ስንት ዓመት እድርተኛ ሆኜ፣ ስንት ለቅሶ ቤት ውዬ፣ ያንን ፎቶ ፊት ለፊት ቆሜ አይቼ «ዋው!» ነው ያልኩት። አሁን ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

ሰኞ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ኦቦ ዲሪባ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አጠገባቸው ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ ሙዘይን፣ ከኋላ ደግሞ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ከበደ። ገብተው ተቀመጡ። እኔ ታዲያ ምን ጠረጠርኩ? አዲሱን መልክ አይተው እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ የመጡ መሰለኝ!

«አያችሁት?» አልኳቸው፣ ፈገግ ብዬ።

እርስ በርስ ተያዩ። «አየነው» አሉ ጋሽ ከበደ። «እንዲህ በድንገት...»

«ድንገትማ አይደለም፤ ሁለት ወር ሙሉ ስናስብበት ነው የቆየነው።»

«ስታስቡበት?»

«ናቲ ነው ሁሉንም የሠራው። የእህቷ ልጅ።»

ሐጂ ሙዘይን «አስተግፊሩላህ!» ብለው ወደኋላ ሸሸት አሉ። ኦቦ ዲሪባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሷስ... ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። እኔ ነኝ በስንት ልመና ያሳመንኳት። ለቤታችን የሚበጀው ይሄ ነው ብዬ።»

ጋሽ ከበደ ላብ አጠመቃቸው። እንደምንም «ቀብሩ የት ነው?» ሲሉኝ ነው ነገሩ የበራልኝ።

«የማን ቀብር?... አልሞተችም! ሰበታ ናት! እህቷ ጋ!»

ሦስቱም ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ። «አልተቀበለውም» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። ስልኬን አነሳሁና በድምፅ ማጉያ ደወልኩላት። ያነሳው ናቲ ነው፤ እንቅልፍ ላይ ነበር።

«ናቲ፣ ሰው ሁሉ አሰለፈችን አጥተናል እያለ ነው!»

«በጣም አሪፍ!» አለ ናቲ። «የፈለግነው እሱን አይደል? ትንሽ ይናፍቃቸው ጋሼ።»

ከዚህ በኋላ ማን ይመነኝ? የእህቷ ስልክ ዝግ ነው። ጋሽ ከበደ በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙ፤ ውጭ ሲጠብቅ የነበረው ጥሩንባ ነፊ ጥሩንባውን ነፋ። ያ ጥሩንባ አንዴ ከተነፋ በሱሉልታ የሚመልሰው ኃይል የለም። ድንኳኑ ደረሰ፣ አግዳሚ ወንበሩ ደረሰ፣ ንፍሮው ተጣደ። ሁለት ጎልማሶች ግራና ቀኝ ብብቴ ሥር ገብተው ደግፈው ያዙኝ። «አልሞተችም!» ብዬ ብጮህ «አዎ አይዞህ፣ ሥራዋ ሕያው ነው» ይሉኛል። ለማምለጥ ብሞክር «ራሱን እንዳይጎዳ!» ብለው ያጠብቁብኛል። የፎቶውንም ነገር ሲያወሩ ሰማሁ። «ዓመተ ምሕረቱን አየኸው? የተወለደችበት ነው። የሞተችበትን ገና አላጻፉም።» «በዚህ ዕድሜዋ! እኔማ ትልቅ ትመስለኝ ነበር።»

አራት ሰዓት ሲሆን አሰለፈች ከሰበታ መጣች። ሦስት ታክሲ ቀያይራ ነው የመጣችው። በመጨረሻው ላይ ረዳቱ «ላሟ ጋ» ስትለው «ላሟ የለችም፤ ለቅሶ ቤቱ ጋ ነው?» አላት። ወርዳ ድንኳኑን በራችን ላይ ስታይ እኔ የሞትኩ መሰላት። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የነገረችኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ «ወይኔ ባሌ! ወይኔ ጋሻዬ!» እያለች ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። ከጋብቻችን ወዲህ ለእኔ አልቅሳ አታውቅም፤ በእኔ ምክንያት ያለቀሰችውን ሳይጨምር ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ድምፁ የእሷ መሆኑን ሳላውቅ እንኳ ማን ናት እንዲህ ከልቧ የምታለቅሰው ብዬ ልቤ ተነክቶ ነበር።

አጠገቧ የተቀመጠችው የሠፈራችን ሴት ጀርባዋን እየዳበሰች አጽናናቻት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ሁላችንም ሟች ነን። ደግ ሴት ነበረች። ልጄ ታሞ ወተት ያላቋረጠችብኝ እሷ ናት። እንደሌሎቹ እንኳ አልነበረችም፤ ነፍሷን ይማረውና፣ ወተቷ ላይ ውሃ አታበዛም ነበር።»

ልቅሶው ቆመ።

«አታበዛም?» አለ አንድ ድምፅ ከነጠላው ሥር። «ምን ማለት ነው አታበዛም? ጠብታ ጨምሬ አውቃለሁ? መቼ ነው የጨመርኩት? ተናገሪ!»

ነጠላው ተገለጠ። ከዚያ የሆነውን ለመግለጽ አቅም የለኝም። አንዷ ወንበሩን ይዛ ወደቀች። ጥሩንባ ነፊው ጥሩንባውን ጥሎ ሮጠ። ሐጂ ሙዘይን የሚያውቁትን ዱዓ ሁሉ አደረጉ። ብብቴን የያዙኝ ጎልማሶች ለቀቁኝና እኔም በቁሜ ተዘረርኩ። ቆመው የቀሩት ኦቦ ዲሪባ ብቻ ናቸው። ቀስ ብለው ቀረቧት።

«አሰሉ... ጂርታ?» አሏት።

«ጂራ ኦቦ! አለሁ እንጂ፣ የት እሄዳለሁ?» ብላ እጃቸውን ያዘቻቸው።

ሳቁ ተጀመረ። ድንኳኑ ሙሉ በእኔ ይሳቅ ጀመር፤ ይገባኛል። ኦቦ ዲሪባ ግን አልሳቁም። እጇን ሳይለቁ መሬት መሬት እያዩ «ጥፋት አጥፍቻለሁ» አሉ። «ጠዋት ወተቱን ይዤ መጥቼ ፎቶሽን አየሁ። ወተት አይደፋ ነገር... ማዶ ወሰድኩት። ነፍስ ይማር አሉኝ፣ ወንበር ሰጡኝ። ከእንግዲህ ለእኛ አምጡ ሲሉኝ እሺ አልኩ። ሌሎቹም ከእኔ ጋር እሺ ብለዋል። ቃሌን ሰጥቼ ነው የመጣሁት።»

ሳቁ ጠፋ። እዚህ አገር ኦቦ ዲሪባ ቃላቸውን አጠፉ ሲባል የሰማ ሰው የለም። አሰለፈች እኔን እንኳ አልሰደበችኝም! ያን ጊዜ ነው የምር የፈራሁት። ያን ሁሉ ዓመት ሌሊት ተነስታ፣ በብርድ እጇ ቆሳስሎ ያቆመችውን ቤት እኔ አገጬን በእጄ ይዤ በተነሳሁት ፎቶ እንደሸጥኩባት ገባኝ።

ኦቦ ዲሪባ ቀና ብለው «ነገ ጠዋት ወተቱን የሚለካው ማነው?» አሏት።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?»

«ባንኮኒው ላይ ትቆሚያለሽ?»

«እስክሞት ድረስ።»

«ያ ፎቶስ?»

ወጥታ ፎቶውን በሁለት እጇ ነቀለችውና ንፍሮው ከተጣደበት ሦስት ጉልቻ አጠገብ በፊቱ ደፋችው።

«እንግዲህ ቃል የሰጠሁት ሟች አለች ብዬ ነው» አሉ ኦቦ ዲሪባ፣ ባርኔጣቸውን እያደረጉ። «ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ቃሌን አንስቼ አላውቅም። ሬሳም ተነስቶ አያውቅም።»

መንገዱን ሲሻገሩ ድንኳኑ ሁሉ ቆሞ አያቸው። መስታወቱ ውስጥ ቆመው ሲያወሩ ይታያል። ሻጮቹ ጓንታቸውን እያወለቁ ይከራከራሉ፤ አንዱ ወደኛ ይጠቁማል፤ አሰለፈች መኖሯን እንዲያይ እጇን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችለት። ብዙ ቆዩብን። በመጨረሻ ኦቦ ዲሪባ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ወጡ። መንገዱን ተሻግረው መጥተው ጀሪካኑን ባንኮኒዋ ላይ አስቀመጡላትና «ለነገ እጠቢልኝ» አሏት። ያን ጊዜ ነው አሰለፈች የምር ያለቀሰችው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ የከለከለኝ የለም።

ናቲ የደረሰው ይሄኔ ነው። ከታክሲ ሲወርድ ሕዝቡን አይቶ ዓይኑ በራ። «ይሄ ሁሉ ሰው! በአንድ ቀን! ጋሼ አላልኩህም?» እያለ መቅረፅ ጀመረ። ጋሽ ከበደ ስልኩን ከእጁ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። የእድሩን ደንብ መጽሐፍ አስመጥተው አገላበጡ። ሳይሞት ሰው ያስለቀሰ የሚቀጣበት አንቀጽ የለም። «ዛሬ እንጨምራለን» አሉ። እኔና ናቲ ድንኳኑን ነቅለን፣ ወንበሩን ተሸክመን እድሩ መጋዘን እንድናደርስ፣ የሚቀጥሉትንም ሦስት ለቅሶዎች ድንኳን እንድንተክል ተፈረደብን።

ካስማውን እየነቀልን ሳለ ከተፍኪ ድረስ መርዶ ሰምተው የመጡ አንድ የሩቅ ዘመዷ ደረሱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ደክሟቸዋል። ባንኮኒው ላይ አሰለፈች ቆማ የኦቦ ዲሪባን ጀሪካን ስታጥብ ሲያዩ ግራ ገባቸው።

«አንቺ አለሽ እንዴ! ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕዝብ... የሞተው ማነው?»

አሰለፈች ማጠቧን ሳታቋርጥ በአገጯ ወደኛ ጠቆመች።

«ብራንድ የሚባል ነው አባባ፣ እርስዎ አያውቁትም። ቤተሰቦቹ እነዚያ ድንኳን የሚነቅሉት ናቸው።»

ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ በባዶ አይመለሱም። ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ወደኛ መጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እኔንም ናቲንም በየተራ ጨበጡን።

«እግዜር ያጥናችሁ ልጆቼ» አሉን፣ ከልባቸው።

ካስማውን ትከሻዬ ላይ እንደተሸከምኩ አንገቴን ደፋሁ። «እግዜር ያክብርልን» አልኩ።